ከመኪናው የወረደው ቤዝ

(ኮምቦልቻ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ የሚኒባስ ሾፌሩ ደመላሽ ሳሎኑ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ከመኪናው የነቀለውን ትልቅ ቤዝ (ሰብዉፈር ድምፅ ማጉያ) ከቤቱ ቴፕ ጋር ሊያገናኝ ሽቦ ይልጣል፤ ባለቤቱ ፈትለወርቅ አሁን ከገበያ ገብታለች።)

ፈትለወርቅ፦ ይሄን ሣጥን ከቤቴ አውጣልኝ ነው የምልህ፣ ደመላሽ።

ደመላሽ፦ አንዴ ታገሺኝ። ሳገናኘው ራስሽ ነሽ “ጨምርበት” የምትዪኝ። መዝሙርሽ እንኳ ሌላ ነው የሚሆነው።

ፈትለወርቅ፦ መዝሙሬን የምሰማው በጆሮዬ ነው፤ ደረቴን እየደለቀኝ አይደለም። የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል፤ ያለንም ቴፕ እሱ ብቻ ነው።

ደመላሽ፦ ቴፑ ምንም አይሆንም። ቤዙን በቀጥታ ሶኬት ላይ ብሰካው ነበር ጉዱ። እሱ የለመደው የመኪና ባትሪ ነው፣ አሥራ ሁለት ቮልት። ለዚህ ብዬ ከአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ አወጣሁ። እሱ አምፕሊፋየሩን ይመግባል፣ ቴፑ ድምፅ ይሰጠዋል፣ አለቀ።

ፈትለወርቅ፦ እንዴት እንደሚሠራ መች ጠየቅሁህ? ከመኪናው ለምን ወረደ?

ደመላሽ፦ ገመዱ ይሞቃል አሉኝ፣ ጋራዥ።

ፈትለወርቅ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። አምና ራሴን አመመኝ፣ ንቀልልኝ ስልህ “ከሱ ይልቅ መሪውን ንቀዪ” አላልከኝም?

ደመላሽ፦ ሰው ይለወጣል።

ፈትለወርቅ፦ ይለወጣል። አሁን በመናኸሪያ በኩል ነው የመጣሁት። መኪናችን የደሴ ተራ ይዛ ቆማለች።

ደመላሽ፦ እና?

ፈትለወርቅ፦ እናማ መሪው ላይ ሾፌሩ ጓደኛህ ይመር ተቀምጧል። “ደመላሽ ተሻለው?” አለኝ። ምንህን ነው ያመመህ?

ደመላሽ፦ ጉንፋን ነገር ነው።

ፈትለወርቅ፦ ከመቼ ጀምሮ ነው እሱ የሚነዳው?

ደመላሽ፦ ከማክሰኞ።

ፈትለወርቅ፦ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ትናንት። በየማለዳው ጃኬትህን ደርበህ ስትወጣ የት ነበር የምትሄደው?

ደመላሽ፦ ቦርከና ወንዝ ዳር። ቁጭ ብዬ እውላለሁ። በይ አሁን ልጨርስ፤ ቀዩን ከጥቁሩ ካምታታሁት አምፕሊፋየሩ ይቃጠላል።

ፈትለወርቅ፦ እጅህ ላይ ያለው የትኛው ነው?

ደመላሽ፦ ቀዩ ነዋ።

ፈትለወርቅ፦ ጥቁሩ ነው።

ደመላሽ፦ ቤቱ ጨልሞ ነው።

ፈትለወርቅ፦ ቤቱ አልጨለመም። ፀሐዩ ጉልበትህ ላይ ነው ያረፈው። ቀና በል እስቲ። ታየኛለህ?

ደመላሽ፦ ፊት ለፊቴ ያለውን አያለሁ። ጎን ጎኑ ነው የጠፋብኝ። ቀለሙም ከደበዘዘብኝ ሰነበተ።

ፈትለወርቅ፦ ማክሰኞ ምን ሆነ?

ደመላሽ፦ ሐርቡ መግቢያ ላይ አንዲት እናት አህያ እየነዱ ከቀኝ በኩል ገቡ። አላየኋቸውም። ፍሬን የያዝኩት ተሳፋሪው ሲጮህ ነው።

ፈትለወርቅ፦ ሞቱ?

ደመላሽ፦ አልሞቱም። መኪናው ነጠላቸውን ጠልፎ ጣላቸው። ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና “ይቅር በለኝ ልጄ፣ አላየሁህም” አሉኝ። ፈትሌ፣ እኔን ነው ይቅርታ የጠየቁት። እዚያው ቆሜ ይመርን ጠራሁት፣ ቁልፉን ሰጠሁት። እሱ ጩኸት አይወድም፤ ቤዙን ንቀልልኝ አለኝ። እኔም ከመኪናዬ የሚቀረኝ ይሄ ነው ብዬ ተሸክሜው መጣሁ።

ፈትለወርቅ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ሰኞ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።

ደመላሽ፦ ሄጃለሁ። የዓይን ግፊት ነው። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እናቆየው አሉኝ። መንዳትም ተው አሉኝ።

ፈትለወርቅ፦ መቼ?

ደመላሽ፦ መቼም ይሁን፣ ያው ነው።

ፈትለወርቅ፦ መቼ ነው ተው ያሉህ?

ደመላሽ፦ ሦስት ወር ሆነው።

ፈትለወርቅ፦ ሦስት ወር። በዚህ መሀል እናቴን ሐይቅ ከተማ አድርሰሃታል። እኔን ጋቢና አስቀምጠህ።

ደመላሽ፦ አዎ።

ፈትለወርቅ፦ ስንመለስ ያንን የደሴ ቁልቁለት ዘፈኑን ለቀህ ነው የወረድከው። ቤዙ ወንበሬን ያንቀጠቅጠው ነበር።

ደመላሽ፦ ፈርቼ ነው። ስፈራ ነው ድምፁን የምጨምረው።

ፈትለወርቅ፦ መንጃ ፈቃድህን ስጠኝ።

ደመላሽ፦ ፈትሌ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው።

ፈትለወርቅ፦ ስጠኝ።

ደመላሽ፦ እንኪ። እሺ፣ ከእንግዲህ እኔ ምን ልባል ነው? ይመርም ቢሆን ለጊዜው ነው፤ የራሱን መኪና ከጋራዥ ሲያወጣ ይሄዳል። መኪናችንን ማን ይይዛታል?

ፈትለወርቅ፦ እኔ። ሰኞ አንተን ለሐኪሙ አሳይቼ ስመለስ መንጃ ትምህርት ቤት እመዘገባለሁ።

ደመላሽ፦ አንቺ? ሚኒባስ መንዳት እንዲህ ቀላል መስሎሻል?

ፈትለወርቅ፦ አንተ ሦስት ወር ሳታይ ከነዳሃት፣ እኔ እያየሁ አታቅተኝም።