ቃሬዛውን ከኋላ የያዘው ሰው

የምስክር ቃል

ስም፦ ዲቦራ ማናሴ
ዕድሜ፦ 33
ሥራ፦ የስፓዛ (የሰፈር ሸቀጥ) ሱቅ ነጋዴ
አድራሻ፦ ጻካኔ
ቀን፦ ሰኞ፣ ዲሴምበር 21 ቀን 2020 እ.ኤ.አ.
ጉዳዩ፦ ቤሪያ በሚገኘው የወ/ሮ የሻሽወርቅ ምግብ ቤት ስለተሰበረ ቴሌቪዥን
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ማሴኮ
አስተርጓሚ፦ ጸሐይወርቅ ሀይለየሱስ

በዚህ ጉዳይ ተይዞ የሚገኘውን አቶ በርናባስ ሕዝቅኤልን የማውቀው በምግብ ቤቱ ደንበኝነቱ ነው። በመካከላችን ጠብም ዝምድናም የለም። ቴሌቪዥኑን የጣልኩት እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም። ይህንንም ማንም ሳያስገድደኝ እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ባለቤቴ ሀቢሶ ለሥራ ዶሃ ከሄደ አራት ዓመት ሆኖታል። ወረርሽኙ መጥቶ የግንባታ ሥራው ሲቆም ወራት ሙሉ ያለ ሥራ ተቀመጠ። የእስያ ክለቦች ሻምፒዮንስ ሊግ ቀሪ ጨዋታዎች ዶሃ ላይ ሲሰባሰቡ ግን በስታዲየም ቃሬዛ ተሸካሚነት ተቀጠረ። ዋንጫው ሲያልቅ ሥራውም ያልቃል፤ ከዚያ ወዴት እንደሚሄድ እሱም አያውቅም።

በየእሑዱ በስልክ እንተያያለን። ስልኩ የሚያሳየኝ ግን ፊቱን ብቻ ነው፤ ያንንም አስተካክሎ፣ ሳቅ ብሎ ነው የሚቀርበው። ደህና ነኝ ይለኛል። እኔ ደግሞ ማየቴን ሳያውቅ ሲራመድ ላየው ፈለግሁ። ናፍቆቴ ይህ ነበር።

ስለዚህ ኳስ የማላውቅ ሴት ከሴፕቴምበር ጀምሮ የሳዑዲውን፣ የኢራኑን፣ የጃፓኑን፣ የኮሪያውን ክለብ ሱቄ ውስጥ በስልክ ስከታተል ከረምኩ። ማንም ቢያሸንፍ ግድ አልነበረኝም። የምጠብቀው አንድ ተጫዋች ወድቆ ቃሬዛ እስኪገባ ነው። አማኝ ነኝና ለክፉ አልጸለይኩም፤ ቀለል ያለ ወለምታ ይበቃኛል ብዬ ነው የለመንኩት። አንድ ጊዜ ቃሬዛ ሲገባ ጎል ደግመው ያሳዩ ስለነበር አለፈኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዳቦ ሊገዛ የመጣ ደንበኛ በአገሩ ቋንቋ "ሳውቦና" ሲለኝ ቀና ባልኩበት አመለጠኝ። ሰላምታውን መለስኩ፤ ዳቦውን ግን በኩርፊያ ነው የሸጥኩለት።

ባለፈው ቅዳሜ፣ የፍጻሜው ጨዋታ ዕለት፣ በስልኬ ላይ ሰው ጉንዳን ስለሚያህል ሱቄን ዘግቼ በታክሲ ቤሪያ መጣሁ። የወ/ሮ የሻሽወርቅ ቴሌቪዥን ትልቅ ነው። አቶ በርናባስ የእንግሊዝ ሊግ ይከፈት ሲል ሪሞቱን አልሰጥም አልኩት። በቀልድ "ይህን ቴሌቪዥን ሰብሬ እገላግልሻለሁ" ማለቱ እውነት ነው፤ ሌሎቹ ምስክሮች የሰሙት ይህንን ነው። ለምን እንደመጣሁ ስነግረው ግን ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ ተጫዋች በተገፋ ቁጥር ከእኔ ብሶ "ውደቅ፣ ውደቅ" ሲል የነበረው እሱ ነው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ተጫዋች ጉልበቱን ይዞ ወደቀ። ዳኛው ምልክት ሰጠና ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ሮጠው ገቡ። ሁሉም ማስክ አድርገዋል። ከኋላ የያዘው ግራ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ቀኝ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ ይሄዳል። በጣም ከስቷል። ሱሪው ወገቡ ላይ ተጨማዶ በቀበቶ ታስሯል። ተጫዋቹን ይዘው ወደ ምስሉ ዳር ሲወጡ፣ እንዳይሄድብኝ ቴሌቪዥኑን በሁለት እጄ ይዤ ወደ እኔ ሳብኩት።

አቶ በርናባስ ዘሎ ሊይዘው ሞከረ፤ ቴሌቪዥኑ ግን ከጠረጴዛ ጋር ተጋጭቶ ተሰነጠቀ። ወ/ሮ የሻሽወርቅ ከወጥ ቤት ስትወጣ ቴሌቪዥኑ እሱ እጅ ላይ ነበር። እኔ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቅስ ስለነበር መናገር አልቻልኩም። እሱም "እሷን ተዉአት፣ እኔ ነኝ" አለ። መታሰሩን የሰማሁት ትናንት ከጸሎት ስወጣ ነው። ትናንት ሀቢሶም ደውሎ ነበር። ደህና ነኝ አለኝ፣ እኔም እሺ አልኩት።

ሳጅኑ የሰዎቹ ፊት ተሸፍኖ ሳለ ባለቤቴ መሆኑን በምን እንዳወቅሁ ጠየቀኝ። በአረማመዱ ነው አልኩ። ይህ ማስረጃ ስለማይሆን "ባለቤቴ መስሎኝ" ተብሎ ቢጻፍ እንደሚሻል በአስተርጓሚዋ በኩል ነገረኝ። አልተስማማሁም።

ቃሌ በአማርኛ ተነቦልኛል። ቴሌቪዥኑን የሰበርኩት እኔ መሆኔ እውነት ነው። አቶ በርናባስ አለማጥፋቱ እውነት ነው። ሰውየው ባለቤቴ መሆኑም እንደ ሌላው ሁሉ እውነት ነው፤ እሱ ካልተጻፈ አልፈርምም በማለቴ ተጽፎልኝ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዲቦራ ማናሴ
የአስተርጓሚዋ ፊርማ፦ ጸሐይወርቅ ሀይለየሱስ
ቃሉን የተቀበለው ፖሊስ ፊርማ፦ ሳጅን ማሴኮ