በአቀስታ ብርድ የተከፈተ መስኮት

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በምንሄድበት ሚኒባስ ውስጥ፣ በዚያ ብርድ አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት መስኮቱን ከፈተችው። ከጎኗ የተቀመጡት ሂጃብ የለበሱ እናት ዞረው አዩዋት።

«ድንገት ያነድሻል አይደል፣ እህት ዓለም?»

«እንዴት አወቁ?»

«እኔንም የወር አበባዬ ሲቀር ነው የጀመረኝ።»

«እኔኮ ዓይነ ጥላ መስሎኝ በድብቅ ሳለቅስ ከረምኩ! ምን አደረጉለት?»

«ጥቁር አዝሙድ በማር ዋጥኩ፣ አልበርድ አለኝ። ኋላ ጠበል ወረድኩ።»

«ጠበል? እርስዎ እስላም አይደሉ እንዴ?»

«አልሃምዱሊላህ፣ ነኝ። ውሃው መች ጠየቀኝ? እዚያ ስደርስ የኛ እድሜ ሴቶች ሞልተዋል። ሁሉም እንደኔው የሚነዱ!»

«ሱብሃነላህ! ታዲያ ዳኑ?» አለች ባለነጠላዋም።

«እሳቱስ አሁንም ይመጣል። ፍርሃቱ ነው የቀረ።»

ከኋላቸው ተቀምጬ በድብቅ ስነድ የቆየሁት እኔም ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ በኩሌ ያለውን መስኮት ከፈትኩት።