አቶ ሮሪሳና የጎረቤት ጭስ

አቶ ሮሪሳ አንድ ሊትር ወተት በፌስታል አንጠልጥለው፣ ቃሊቲ የኮዬ ፈጬ አውቶቡስ ሰልፍ ላይ ቆመው ሰልፉን ሲረግሙ «አባባ ሮሪሳ! እንዴት ዋሉ?» የሚል ድምፅ ከኋላቸው ሰሙ። ዞር ቢሉ የባለሱቁ የሀይረዲን ልጅ ናዕማ ነች፤ ሕግ ተምራ ጥብቅና ከጀመረች ሁለት ዓመቷ።

«ደህና ነኝ ልጄ። አስካለችን ልጠይቅ ነው። ልጃችን ሞቲ ቤት ከገባች አራት ወሯ፤ ሳሉ ጸናባት። የበዛብህ ጭስ ነዋ!»

በዛብህ ጎረቤታቸው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት አጥራቸው ሥር ወርክሾፕ ከፍቶ፣ በተቃጠለ ዘይት እያነደደ አሮጌ አሉሚኒየም አቅልጦ ድስት ያወጣል። ጥቁሩ ጭስ ቀጥ ብሎ የሚገባው የአቶ ሮሪሳና የሚስታቸው የአስካለች መኝታ ቤት ነው። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ አልፎ አልፎ ብቅ እያለ «ጭሱ አስቸገራችሁ እንዴ?» ይላል። አቶ ሮሪሳም ይሉኝታ ይዟቸው «ኧረ ምን ችግር አለ፣ ሥራህን ሥራ!» ይሉታል። አይ ይሉኝታችን! ስንቱን ቤት አፍርሶ ይሆን?

«ታዲያ ለምን አይከሱም?» አለች ናዕማ።

«የወንድሜን ሬሳ የተሸከመውን ሰው? የአንድ እድር ሰዎች ሆነን? ደግሞስ በገዛ ግቢው ምን አገባኝ?»

«ግቢውን ማንም አይነካበትም። ግን ሕጉ ባለቤት ጎረቤቱን እንዳያውክ ይከለክላል። ጭሱን፣ ጥላሸቱን፣ ሽታውን፣ ጩኸቱን ስም እየጠራ ነው የሚዘረዝረው፤ ከመልካም ጉርብትና ልክ አይለፍ ይላል። ትንሽ ጭስማ እንቻቻላለን። እማማን ከቤታቸው ያስወጣ ጭስ ግን ልክ አልፏል፣ አባባ።»

«እና ሥራው ተዘግቶ ልጆቹ ጦማቸውን ይደሩ?»

«ይዘጋ ማን አለ? ጭስ ማውጫውን ያስረዝም፣ ዘይቱን ትቶ በሌላ ያቅልጥ ብለን ነው የምንጠይቀው። እሱም ይሠራል፣ እርስዎም ይተነፍሳሉ።»

አቶ ሮሪሳ አንገታቸውን ደፉ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አይደል ስለው ኖሬ፣ አሁን በምን አፌ ልክሰሰው?»

ናዕማ እውነቱን ነገረቻቸው። «አልዋሽዎትም፣ እንዲያ ማለትዎ ይጎዳናል። በዛብህ ተስማምተው ነበር ይላል። ቢሆንም እስከ ዛሬ ስለቻሉ እስከ ሞት ይቻሉ የሚል ሕግ የለም።»

ሽማግሌው ብዙ አሰቡ። አስካለች ወደ ቤቷ ትመለስ እንጂ ሌላው እዳው ገብስ ነው። «በይ ክሱን ጻፊልኝ» አሉ በመጨረሻ።

ኮዬ ፈጬ ደርሰው ወደ ሞቲ ቤት አራት ፎቅ እያለከለኩ ወጡ። ወይዘሮ አስካለች መስኮቱ ሥር በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። «ልከሰው ነው!» አሏቸው አቶ ሮሪሳ፣ ገና ከበሩ። «ጭሱ ይቆማል። ቤትሽ ትገቢያለሽ!»

ወይዘሮ አስካለች ሳላቸው እስኪበርድ ጠበቁ። «በዛብህ በመጣ ቁጥር እኔ ጓዳ ሆኜ እሳል ነበር። ትሰማኝ ነበር አይደል?»

አቶ ሮሪሳ ወተቱን ከነፌስታሉ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«እሱን እንዳታስቀይም ተጨነቅክ። እኔስ? እኔን ማን ይጨነቅልኝ?» አሉ፤ ድምፃቸው የቁጣ አልነበረም። «ክሰሰው ግድ የለም። ከወርክሾፑ በታች ያለችው ጎረቤታችን ጠጄ ጨቅላ ታጠባለች፣ እሷ ትትረፍ። እኔን ግን አትጠብቀኝ። ሐኪሙ የሳንባሽ ነገር አልቋል ብሎኛል።»

ወይዘሮ አስካለች ፍርዱን ሳያዩ በሰኔ አረፉ። ፍርድ ቤቱም በጥቅምት፣ በዛብህ ረጅም ጭስ ማውጫ እንዲያቆምና በተቃጠለ ዘይት ማንደዱን እንዲተው አዘዘ። ናዕማ ያለችው ሁሉ ሆነ፤ ወርክሾፑ አልተዘጋም፣ የበዛብህ ልጆች አልተራቡም፣ የጠጄ ጨቅላም መስኮት ተከፍቶላት ትተኛለች። በዛብህ ለሁለት ሳምንት አኮረፈ። ከዚያ አንድ ቀን የሰፈር ሰው ለቅሶ ላይ ከአጠገባቸው ተቀምጦ «አባባ፣ ያኔውኑ ቢነግሩኝ እኮ አደርገው ነበር» አላቸው።

አቶ ሮሪሳ ዛሬ የተጣላ ጎረቤት ባዩ ቁጥር «በመጀመሪያው ቀን ንገረው፣ ካልሰማህ ሕግ አለልህ» ይላሉ፤ ሰውም ይሰማቸዋል። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ጭስ የለም፣ ሳልም የለም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ይቀመጡና፣ ያኔ ለበዛብህ ሊሉት ይገባ የነበረውን ብቻቸውን ይናገራሉ።