የሁለት ፊርማ ቤት

ይማም መቀሌ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሓወልቲ አካባቢ መንገድ ዳር ቆሞ አንድ የተጨማደደ ወረቀት ሲያገላብጥ፣ ከኋላው አንዲት ሴት «አጎቴ፣ ወረቀቱን ዘቅዝቀው ነው የያዙት» አለችው።

ዘወር ቢል ሒክማ ናት፤ የሚስቱ የዙሀራ ወንድም የሆነው የአብዱልወዱድ ልጅ። ሕግ ተምራ መቀሌ አንድ ጠበቃ ዘንድ ውል እየጻፈች እንደምትኖር ሰምቷል። ሊፈልጋት ግን አላሰበም። እንዲያውም በዚህ ሁሉ ሰው መሀል እሷ ብቻ እንዳታገኘው ሲመኝ ነበር።

ምክንያቱ አሮጌ ነው። የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ኮምቦልቻ በአንድ ዘመድ ኒካህ ላይ የጋብቻው ምስክሮች ሲፈርሙ ይማምም እጁን ወደ ብዕሩ ዘረጋ። አብዱልወዱድ «ለይማም ብዕር አትስጡት፤ እሱ ሚዛኑ ይበቃዋል» አለና ቤቱ ሙሉ ሳቀ። የሳቁት ሰዎች ሳቁን እስከ ምሳ ድረስ ረስተው ቅጽል ስሙን ብቻ አስቀሩ። የተሳቀበት ግን እስከ ዛሬ አልረሳም። ቅመም ነጋዴ ቢሆንም እስከ አራተኛ ክፍል ተምሯል፤ ስሙን አሳምሮ ይጽፋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ወረቀት ባየ ቁጥር ከጀርባው የሚስቅ ሰው ያለ ይመስለዋል። ስለዚህ ያልገባውን ነገር ሁሉ «ገብቶኛል» ማለት ለመደ። ይህች አንዲት ቃል ስንቱን ጎበዝ ገደል እንደከተተች የሚያውቀው የወደቀበት ብቻ ነው።

«አልዘቀዘቅሁትም» አላት። «ደላላው የሳለልኝ የመንገድ ንድፍ ነው። በፈለግሁት በኩል ባየው ምን ጨነቀሽ?»

«አፉ ይበሉኝ አጎቴ። ከመቼ መጡ? አክስቴስ ደህና ናት?»

«ዙሀራ ፔንሲዮን ናት። እኔ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ልገዛ ነው። ሰሜን ክፍለ ከተማ።» ደረቱን ነፋ አደረገ። «የኮምቦልቻውን ሸጫለሁ። ገዢው በወሩ መጨረሻ ይገባበታል።»

ይህን ሲል የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር፤ ያልተናገረው ግን ይበልጥ እውነት ነበር። ኮምቦልቻን የሚለቀው ሰው ሁሉ «ሚዛኑ» ብሎ ስለሚጠራው ነው። መቀሌ ገበያ ቅመሙን የሚያውቁ ደንበኞች አሉት፤ ያን ቅጽል ስም የሚያነሳ ግን የለም። እዚህ አዲስ ሰው ሆኖ፣ ማንንም ሳያማክር ቤት ገዝቶ፣ ቁልፉን እያቅጨለጨለ መታየት ፈለገ።

«ማሻአላህ» አለች ሒክማ። «አክስቴ ቤቱን ወደደችው?»

«ሴት ቤት የምታየው ከገባችበት በኋላ ነው።»

«ኧረ አጎቴ። ኮረሪማ ሲገዙ እንኳ አንዷን ፈልቅቀው አሽትተው ነው። ቤቱን በምን አሸተቱት?»

«በሽማግሌ ነዋ! ሦስት ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቀብድ ይሰጣል፣ በፊታቸው ወረቀት ይጻፋል። አባቶቻችን እንዲህ ሲገዙ ኖረው ነው የሞቱት፤ ጠበቃ ደጅ አልቆሙም።»

«ሽማግሌዎቹን ማን መረጣቸው?»

ይማም ወረቀቱን እንደገና አየው፤ መልሱ እዚያ ላይ የተጻፈ ይመስል። «ሻጩ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ካርታውንስ አዩት? ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ጋር አስተያይተዋል?»

«አሳየኝ። ማኅተም አለው። ገብቶኛል።» ገብቶት አልነበረም። ማኅተሙ ክብና ሰማያዊ መሆኑን ብቻ ነው ያስታወሰው።

«ሻጩ ባለትዳር ነው?»

«ሳይሆን አይቀርም። ገመድ ላይ የተሰጣ የሴት ቀሚስ አይቻለሁ።»

«ቀሚሱ አይፈርምልዎትም አጎቴ። ሴትዮዋ ራሷ መፈረም አለባት። በትዳር የፈራ ቤት የሁለቱም ነው። አንዱ ተደብቆ ቢሸጠው ሌላዋ ፍርድ ቤት ሄዳ ታፈርሰዋለች። ያን ጊዜ እርስዎ ከነቅመምዎ ደጅ ነው የሚቀሩ። ኮምቦልቻ ሲሸጡ አክስቴን ያስፈረሟት ለዚህ እኮ ነው።»

የይማም ፊት ጠቆረ። ይህችን ቁስል ለማንም አላሳየም ነበር። «እሱንም ነገሩሽ? ጸሐፊው በሰው ፊት ‘ባለቤትዎን ይጥሩ’ አለኝ። ድንጋዩን የፈለጥሁ እኔ፣ ግብሩን የከፈልሁ እኔ፤ እንደ ልጅ ‘እናትህን ጥራ’ እንደማለት ነው። ሊያዋርደኝ ነው።»

«ሊያዋርድዎት አይደለም። ለሁሉም እንዲሁ ነው የሚል። ለሐኪምም፣ ለዳኛም።»

«ለዳኛም?»

«ለዳኛም።»

ለሰባት ሳምንት ስድብ ነው ብሎ የተሸከመው ነገር ሕግ ከሆነ፣ ሌላውስ? ስድቡ የቱ ነው፣ ሥርዓቱ የቱ ነው? ራሱ ዞረበት። ሰው ግራ ሲገባው ወይ ይጠይቃል ወይ ይቆጣል፤ እሱ መቆጣቱን መረጠ።

«የአባትሽ ልጅ ነሽ» አላት። «የእናንተ ቤት ሰው ሌላውን ካላስተማረ እህል አይወርድለትም።»

ሒክማ አልተቀየመችም። ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ጀርባው ላይ ስልኳን ጽፋ መለሰችለት። «እኔ እስከ ስድስት ሰዓት ሥራ የለኝም። ምናልባት ካስፈለግሁዎት።»

«አታስፈልጊኝም» ብሎ ሄደ።

ሰሜን ሲደርስ ከታክሲ ወረደና ንድፉን ተከተለ። በመጀመሪያው ቀን ደላላው በባጃጅ እያጣጠፈ ነበር የወሰደው። አሁን በእግሩ ሲሄድ አጥሩ ሁሉ ነጭ ድንጋይ፣ በሩ ሁሉ አረንጓዴ ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ሁሉ ላይ ጥቁር የውሃ ሮቶ ሆነበት። በአማርኛ ጠየቀ፤ በትግርኛ መለሱለት። አንዲት ሴት ወደ ቀኝ ጠቆመችው፤ «ገብቶኛል» አላት። አንድ ግንበኛ ወደ ግራ ጠቆመው፤ «ገብቶኛል» አለው። ለሦስተኛ ጊዜ በዚያው የብረት ብየዳ ቤት በር ላይ ሲያልፍ በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ዱካ አቀረበለት።

«ኣቦይ፣ ትንሽ ይረፉ። ጠፍቶዎት ነው?»

«አልጠፋኝም» አለ ይማም። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱን ሰማው። የጠፋው መንገዱ ብቻ ቢሆን እንኳ ደግ ነበር። ያለበት ከተማ፣ የያዘው ወረቀት፣ ወገቡ ላይ የታጠቀው የዕድሜ ልኩ ጥሪት ወዴት እንደሚሄድ አንዱንም አያውቀውም። ሰውን ሁሉ ይጠረጥራል፤ ሊጠረጥረው የሚገባውን ደላላ ግን እንደ መልአክ አምኗል። ዱካው ላይ ተቀመጠና ለሒክማ ደወለ።

በባጃጅ መጣች፤ ዙሀራም አብራት ነበረች።

«ቤት ሊያሳዩሽ ነው ብላኝ መጣሁ» አለች ዙሀራ ነጠላዋን እያስተካከለች። «እውነት ነው የፊርዶስ አባት?»

«እ» አለ ይማም።

ሒክማ በያጁን በትግርኛ ጠይቃ በአምስት ደቂቃ በሩን አገኙት። የከፈተችላቸው አንዲት ጠይም፣ ቀጠን ያለች ሴትዮ ነበረች። ለተኪሮስ እባላለሁ አለች፤ ማን እንደሆኑ ሳትጠይቅ ግቡ አለቻቸው። የሀገሩ ደንብ እንዲህ ነው። ዙሀራ ግን ሳትቀመጥ ዓይኗ ግድግዳውን ተደግፈው የተደረደሩት በርሜሎች ላይ አረፈ።

«እትዬ፣ ውሃ በስንት ቀን ነው እምትቀዱት?»

«ሲቀናን በሳምንት፣ ሳይቀናን በአሥራ አምስት ቀን። ከዓይናለም ጉድጓድ መስመሩ ሲዞርልን ነው።»

ይማም ሻጩ «ውሃ ችግር የለም» ማለቱ ትዝ አለው። ያኔም «ገብቶኛል» ብሎት ነበር። ሁለት ጊዜ መጥቶ ያላየውን ሚስቱ ከበሩ ሳታልፍ አየችው።

«ለምን ጠየቅሽኝ ሓፍተይ፣ እህቴ?» አለች ለተኪሮስ።

«ልንገባበት አይደል እንዴ። ማወቅ ይሻላል ብዬ ነው።»

«የት ልትገቡ?»

ለተኪሮስ ሦስቱንም በየተራ አየቻቸው፤ ከዚያ የይማምን ወገብ አየች። በእጇ ይዛው የነበረውን የበርሜል ክዳን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች።

«ባሌ ገብረመስቀል ወንድሜ ዘንድ እሄዳለሁ ብሎኝ ነው የወጣው» አለች። ለእነሱ ሳይሆን ለራሷ ነበር የምትናገረው።

ይህን እያለች በሩ ተንኳኳና ገብረመስቀል ከደላላውና ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገባ። ሚስቱን ከገዢዎቹ ጋር ቆማ ሲያይ ደም ከፊቱ ሸሸ። «ከገበያ ተመለስሽ እንዴ?» አለ፤ ከዚያ ድምፁን አጠንክሮ «ወደ ውስጥ ግቢ። የወንድ ጉዳይ ነው» አላት።

«ገብቻለሁ እኮ» አለች ለተኪሮስ። «ቤቴ ውስጥ ነው ያለሁት። የምትወጣው አንተ መሰልኸኝ።»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ትልቁ ግን አልሳቁም። «ገብረመስቀል፣ ተስማምታለች ብለኸን አልነበር?»

ገብረመስቀል ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ አዞረው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግራ የገባው ሰው ነበር። ውቅሮ ያለ ጓደኛው የጭነት መኪና በጋራ እንግዛ ብሎት ልቡ ሸፍቶ ነው። «እምቢ ትለኛለች ብዬ ነው» አለ።

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?» አለችው። «ይህ ግንብ ሲሠራ አሸዋውን በጀርባዬ አመላልሻለሁ። ያኔ የወንድ ጉዳይ ነው ብለህ አልመለስኸኝም።»

ይማም አንገቱን ደፋ። «ግቢ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል፤ የራሱ ድምፅ ናት። ኮምቦልቻ፣ ጸሐፊው ፊት፣ ዙሀራን «ፈርሚ፣ ሌላውን ተይው» ብሏታል። እሷም ፈርማለች። ሰው ፊት መናቅ እንዴት እንደሚያቃጥል ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው፣ በገዛ እጁ አንዲትን ሴት ሠላሳ ዓመት አቃጥሏል። ይህ ገባው፤ በዚያን ቀን በእውነት የገባው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር።

«ዙሀራ» አለ፣ «አንቺስ ኮምቦልቻን መልቀቅ ወደሽ ነበር?»

«ዛሬ ነው እሚጠይቁኝ?» አለች። ቀጥላም «መምጣቱን አልጠላሁትም። ልጃችን ፊርዶስም ላዲግራት ሰው ተድራለችና ትቀርበናለች። የጠላሁት እንደ ቅመም ከረጢት መጫኔን ነው» አለችው።

ደላላው መሀል ገብቶ «ቀብዱ ይሰጥና ሴቶቹን በኋላ እናስማማለን» ሲል ትልቁ ሽማግሌ በከዘራቸው መሬቱን መታ አደረጉ። «እኛ ያየነውን ልንመሰክር እንችላለን። ያልተጠየቀችን ሴት ተጠይቃለች ብለን ግን አንመሰክርም። ሂድ ልጄ» አሉት። ሽምግልና የሕግ ጠላት አለመሆኑን ይማም ከአዛውንቱ አፍ ሰማ።

ወደ ታክሲው ሲመለሱ ሒክማ ካርታ፣ መዝገብ፣ ዕዳና እገዳ እያለች ታስረዳው ጀመር። ይማም በልማዱ «ገብቶ—» ብሎ ቆመ።

«አልገባኝም» አላት። «አንዱም አልገባኝም። ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»

ሒክማ አልሳቀችም። ከመጀመሪያው ጀመረችለት።

ከዚያ በኋላ አልቸኮሉም። አንድ ክፍል ተከራይተው አራት ወር ተቀመጡ። ዙሀራ ቤት የምታየው ውሃ በሌለበት ቀን ነበር፤ ዝናብ ሲጥል ጣሪያውን፣ ጎረቤት ደጅ ሲቀመጥ ጎረቤቱን ታያለች። ሒክማ መዝገቡን ታያለች። ይማም ዋጋ ይከራከራል፤ እሱን ማንም አይችለውም። እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሲሠራ አንዱ የሌላውን ጉድለት ሸፈነ። በጋራ የተገዛ ቤት ባል ቢሞት ሚስትን ደጅ አያወጣም፣ ሚስት ብትሞት ልጆችን አያካስስም፣ ከሦስተኛ ሰው ጋር ፍርድ ቤት አያመላልስም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሁለቱም ማታ ሲገቡ «ቤቴ» ይሉታል። አንድ ሰው ብቻውን ቢገዛው ግን ሌላዋ እንግዳ ናት፤ እንግዳ ደግሞ ጣሪያው ሲያፈስ አትናገርም። የገብረመስቀልና የለተኪሮስ ነገርም በሽማግሌ አልቋል፤ ቤቱ አልተሸጠም፤ ለተኪሮስ ግን ጓደኛው እንግዛ ያለውን መኪና ራሷ ሄዳ አይታ፣ ሞተሩ አሮጌ ነው ብላ አስትታዋለች አሉ።

ውል የተፈረመ ዕለት አዋዋዩ ሰውዬ ጽሑፉን እንደ ውሃ አንበልብሎ አነበበና ቀና ሳይል «ገባችሁ?» አለ። ሻጮቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አልገባንም» አለ ይማም ጮክ ብሎ። «ቀስ ብለው ያንብቡልን።»

ሰውዬው ዓይኑን አነሳ። ይማም ሳቁን ጠበቀ፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲጠብቀው የኖረውን ሳቅ። አልመጣም። ከኋላ ተራ የያዘ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው ብቻ ጠጋ ብሎ «እኔም ልስማው፤ የእኔም እንደዚሁ ነው» አለ። ውሉ እንደገና ተነበበ። ዙሀራ ሁለት ጊዜ ጠየቀች፤ ሁለቴም መልስ ተሰጣት።

ብዕሩ ለይማም ሲሰጠው ተቀብሎ ለዙሀራ አሳለፈላት። እሷ ቀድማ ፈረመች፤ ቀጥሎ እሱ ስሙን አሳምሮ ጻፈ።

«ፎቶ አንስቼ ለአባቴ ልላክለት አጎቴ?» አለች ሒክማ ስልኳን እያወጣች።

ይማም ብዕሩን እንደገና አነሳ። «ላኪለት» አላት። «ብዕሩ ግን እንዲታይ አድርገሽ አንሺን።»