ሲስተር ሐሚዳና የጓሮው ፍሪጅ

አሰላሙ ዐለይኩም፤ ጤና ይስጥልኝ። ሲስተር ሐሚዳ፣ በዚህ የጡረታ ሽኝትዎ ላይ፣ እርስዎ ወደዚህ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል የመጡበትን ቀን እንዳወራ ታዝዣለሁ። ችግሩ፣ ያን ጊዜ እኔ አልተወለድኩም፤ እናትና አባቴም አልተያዩም። መናገር የነበረባት ሲስተር ናዝራ ናት። «እኔ ከጀመርኩ አልቅሼ አልጨርሰውም፤ አንተ ተማሪ ነህ፣ አንብበህ ውረድ» አለችኝ። ስለዚህ የማወራው እኔ ስለመጣሁበት ቀን ነው።

እናቴ ያለ ጊዜዋ ከተወለደችው እህቴ ጋር እዚህ ተኝታ ነበር። ምሳ ይዤ ስመጣ መንገድ ተሳሳትኩና በጓሮ ዞርኩ። አንድ ትልቅ ነርስ ጭንቅላታቸውን የተበላሸ ፍሪጅ ውስጥ ከተው «አንተ ሰነፍ! አንተ ዝገት! ምን አደረግንህ?» እያሉ ይጮኻሉ። ሮጬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ምሳቸው የጠፋባቸው ነርስ አሉ፤ የእኛን እንስጣቸው?»

«ዝም በል» አለችኝ። «ጥግ ላይ የነበረው ሕፃን አሁን ሞተ።»

በኋላ ገባኝ፤ ነርሷ እርስዎ ነበሩ። ነርሶቹ ክፍሉ ውስጥ ቢያለቅሱ ልጆቻቸውን የታቀፉት እናቶች ይደነግጣሉ። ስለዚህ ሕፃን ሲሞት ተራ በተራ ወደ ፍሪጁ ይሄዳሉ። ወረፋ አለው! ሲስተር ናዝራ እዚያ ውስጥ መንዙማ ትላለች። ዶክተር ከድር፣ ማሻአላህ፣ ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ የሚገቡት ተንበርክከው ነው። ሲስተር ፈቲያ አልወጣ ስትል ከኋላዋ ቆመው «አንቺ፣ ኪራይ ልትከፍዪ ነው?» ያሏትም እርስዎ ነዎት።

አንድ ቀን የንብረት ክፍሉ ጋሽ እንደሻው ፍሪጁን ሊያስወግዱት መጡ።

«አይነካም፤ ዕቃ አለበት» አሏቸው እርስዎ።

ከፍተው አዩ። «ባዶ ነው እኮ፣ ሲስተር!»

«ሞልቷል፤ እንዲያውም ሌላ ይጨመርልን።»

ይኸው እስከ ዛሬ አልተጨመረም፣ ጋሽ እንደሻው።

እህቴ የሞተች ዕለት ኮሪደሩ ላይ ጥርሴን ነክሼ ቆሜ ነበር። ሲስተር፣ እጄን ይዘው ወሰዱኝና የፍሪጁን በር ከፈቱልኝ።

«ምን ልበል?»

«የመጣልህን። ካልመጣልህ ስሟን ጥራ።»

«ስም አልወጣላትም» አልኩ። ስም የሚወጣበት ቀን ሳይደርስ ነው የሄደችው።

«ማነው ያለህ? እኛ ከንቲባ ነበር የምንላት። ቀኑን ሙሉ ተኝታ፣ ስትነቃ ሁላችንንም ብድግ ታደርገን ነበር።»

ፍሪጁ ውስጥ ሳቅኩ። ሳቁ የቱ ጋ ልቅሶ እንደሆነ አላውቅም። ቀና ስል በሩ እንዳይዘጋብኝ በጀርባዎ ደግፈው ቆመዋል። ጉንጭዎ እርጥብ ነበር። የዚያን ቀን ተራው የእርስዎ ነበር፤ ለእኔ ለቀቁልኝ።

አሁን በቤታችን ስሟ ከንቲባ ነው። እናቴ በዱዓዋ የምትጠራት እንዲሁ ነው። ያለዚያ የምንጠራት ስም አልነበረንም። አላህ ይስጥልን።

እርስዎ ጡረታ እንደሚወጡ የተሰማ ቀን ነርሶቹ የተጨነቁት «በሩን ማን ይይዝልናል?» ብለው ነው። አያስቡ፤ ተራ ገብተዋል፤ እኔም ከትምህርት ቤት መልስ አለሁ።

በሉ ጁሳችሁን አንሱ! ጋሽ እንደሻው፣ እርስዎም ያንሱ፤ ፍሪጁ ግን ካለበት አይነሣም። ሲስተር ሐሚዳ፣ ረጅም ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። ፈላና በር ሰፈር ባለው ቤትዎ እግርዎን ዘርግተው ይቀመጡ። የቤትዎ ፍሪጅ ውስጥ፣ ኢንሻአላህ፣ ምግብ ብቻ ይግባ።