ሦስተኛው ምስክር

ደብረ ማርቆስ፣ ከቀትር በኋላ። ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጣችው አንጓች ተሾመ ቤት ውስጥ፣ የቤተ ዘመድ ማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ቢምረው ወንድይፍራው ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ኮምፒዩተሩ ፊት ቆመዋል።

ቢምረው፦ አጥፊው አልኩሽ! አሁኑኑ፣ እኔ እያየሁ!

አንጓች፦ እንደምን ዋሉ ጋሼ ቢምረው። ይቀመጡ እንጂ።

ቢምረው፦ ምን መቀመጥ አለ! ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። ባሕር ዳር ያለው ይደውላል፣ ጅማ ያለው ይደውላል። «አያታችን በሐሰት ምለዋል እንዴ?» ይሉኛል። የዘር ሐረጉን እኮ ዘመድ ሁሉ በየስልኩ እየከፈተ ነው የሚያነበው! አባቴን እንደ ሌባ አደባባይ አቆምሽብኝ።

አንጓች፦ ሌባ የሚል ቃል አልጻፍኩም።

ቢምረው፦ ከሌባ ምን ቀረው?

አንጓች፦ ላንብብልዎት። «ግራዝማች ወንድይፍራው፣ የጉንድ ጊዮርጊስ አጥቢያ ዳኛ ነበሩ። በ1943 ቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ አለበሱ።» ምንጭ አለው። «በክፉ ቀን ጎተራቸውን ለጎረቤት ከፈቱ።» ይህም ምንጭ አለው፣ ሦስት ሽማግሌ መስክረዋል። «በ1952 ዓ.ም. ሰኔ 8 ቀን፣ የሟች ወንድማቸው የይርጋ ልጅ ባንቺአምላክ የአባቷን ርስት ብትጠይቅ፣ ‹የወንድሜ ልጅ አይደለችም፣ ገረዲቱ ከሌላ የወለደቻት ናት› ብለው ወንጌል መትተው ማሉ።» ምንጭ አለው። ደጉንም ክፉውንም በአንድ ቀለም ነው የጻፍኩት።

ቢምረው፦ ደጉን ማን ያነበዋል? ሰው ከነጩ ነጠላ ላይ የሚያየው ጥቁሯን ነጠብጣብ ነው። ደግሞስ ሙት መውቀስ የጨዋ ነው?

አንጓች፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ሙት ሳወድስልዎት «እጅሽ ይባረክ» ይሉኝ ነበር።

ቢምረው፦ አዎ፣ እኔው ነኝ ያመጣሁሽ! «ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት የሠራች ባለሙያ አለች፣ የአባቶቻችንን ታሪክ እሷ ትጻፍልን» ብዬ ማኅበሩን የለመንኩት እኔ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ አሉ።

አንጓች፦ «ምንጭ የሌለው አይጻፍ፣ ምንጭ ያለው አይሰረዝ» የሚለውን ደንብ ያወጡትም እርስዎ ነዎት።

ቢምረው፦ እሱንማ ያወጣሁት የአጎቴ ልጆች ሁሉንም ቅድመ አያት ደጃዝማች እያደረጉ ቢያስቸግሩኝ ነው! በገዛ አባቴ ይመጣብኛል ብዬ መሰለሽ? ስሚ፣ አንቺ ለዚህ ቤት ባዕድ ነሽ። አንቺን ምን አገባሽ? ምን በድለንሽ ነው?

አንጓች፦ ባዕድ መሆኔን በምን አወቁ?

ቢምረው፦ አንጓች ተሾመ አይደለሽ? ከኛ ወገን ተሾመ የሚባል የለም።

አንጓች፦ ተሾመ አባቴ ነው። እዚሁ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ነበር። ሁለት ዓመት የሰው እናት ስም ሲያስለቅሙኝ፣ የእኔን እናት ስም አንድ ቀን አልጠየቁኝም።

ቢምረው፦ ማን ናት እናትሽ?

አንጓች፦ ባንቺአምላክ ይርጋ።

ቢምረው፦ ማን አልሽ?

አንጓች፦ ሰምተውኛል። ያው ወንበሩ ከኋላዎ ነው፣ ይቀመጡ።

ቢምረው፦ እስቲ ውሃ ስጪኝ።

አንጓች፦ ይኸው።

ቢምረው፦ ሁለት ዓመት ቤቴ ገብተሽ ወጣሽ። የልጄን ለቅሶ ደረስሽ። ማዕዴን በላሽ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት!

አንጓች፦ ጸሎት ነው ብዬ አላታለልኩዎትም። ቂም ነው። ስሙን አልቀይርለትም።

ቢምረው፦ ታዲያ እኔ ምን አደረግሁሽ?

አንጓች፦ የመጀመሪያ ቀን ሐረጉን ሲያሳዩኝ፣ የይርጋን ስም ከፈትኩ። እርስዎ በእጅዎ የጻፉት ነው። «ይርጋ፣ ዘር ሳይተካ ሞተ።» አራት ቃል። እናቴ እዚህ ከተማ አርባ ዓመት በእንስራ ውሃ ተሸክማ ሸጠች። ውሃ የምታወርድበት ቤት ሁሉ «የይርጋ ልጅ ነኝ፣ ባለርስት ነኝ» ትላለች። ይስቁባታል። «ባለርስቷ መጣች፣ በርሜሉን ክፈቱላት» ይሏታል። እኔም ልጅ ሆኜ አላመንኳትም፣ ጋሼ። እኔም አፍሬባታለሁ። «እማዬ፣ በቃ ዝም በይ» ብያታለሁ። እሷ ከሞተች በኋላ ነው የዚያን ዘመን መዝገብ ከአቧራ ያወጣሁት። እርስዎ አራት ቃል ጻፉ፣ እኔ ማረጋገጫውን ለመሰብሰብ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ።

ቢምረው፦ እሺ። እሺ፣ ልጄ።

አንጓች፦ ልጄ አይበሉኝ።

ቢምረው፦ የአጎቴ ልጅ ልጅ ከሆንሽ ምን ልበልሽ? እንግዲያውስ እንስማማ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። እናትሽን የይርጋ ልጅ ብለን በሐረጉ ላይ እናስገባታለን። አንቺም ትገቢያለሽ፣ ልጆችሽም ይገባሉ። እኔ በሊቀመንበርነቴ እፈርምበታለሁ። አንቺ ደግሞ ያችን የመሐላዋን ነገር ታነሺልኛለሽ።

አንጓች፦ ገብታለች እኮ። ትናንት አስገባኋት። የእርስዎ ፊርማ አላስፈለጋትም።

ቢምረው፦ በምን ምንጭ? ለመሐላው መዝገቡ አለ እንበል። ለልጅነቷስ?

አንጓች፦ ይርጋ ሲሞት ዳዊቱን ለጉንድ ጊዮርጊስ ሰጥቶ ኖሯል። የመጨረሻው ቅጠል ላይ በራሱ እጅ ጽፏል። «ልጄ ባንቺአምላክ ክርስትና ተነሣች፣ እግዚአብሔር ያሳድግልኝ።» መሪጌታው አውጥተው አሳዩኝ። ፎቶግራፉ ያው፣ ስሟ ሥር ተቀምጧል።

ቢምረው፦ የይርጋ እጅ ጽሑፍ ነው?

አንጓች፦ ያውቁታል አይደል? ፊደል ያስቆጠርዎት እሱ ነው።

ቢምረው፦ አባቴ ሽማግሌ ነበር። ሰዎች አሳስተውት ይሆናል። የዘመኑ ነገር አይታወቅም።

አንጓች፦ አርባ ስድስት ዓመታቸው ነበር። ደግሞ ብቻቸውን አልማሉም። ሦስት ምስክር ቀርቧል።

ቢምረው፦ ማነው እሱን የጠየቀሽ?

አንጓች፦ አንደኛው ምስክር የጎረቤት ገበሬ ነው። «አላውቅም፣ ሲባል ሰምቻለሁ» ብሏል። ሁለተኛው የግራዝማች ሎሌ ነው፣ የጌታውን ቃል ደገመ። ዳኛው በሁለቱ አልረኩም፣ መዝገቡ ላይ «ምስክርነቱ የላላ ነው» ብለው አስጽፈዋል። ፍርዱን ያጠበቀው ሦስተኛው ነው።

ቢምረው፦ ልሂድ እኔ። መሽቶብኛል።

አንጓች፦ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ጋሼ። ሦስተኛው ምስክር የቤቱ ልጅ ነበር። ወጣት፣ ፊደል የቆጠረ፣ አንደበቱ የተባ። «ከእሷ ጋር አንድ ግቢ ነው ያደግሁት። አጎቴ ይርጋ ልጄ ብሏት ሲጠራት አንድ ቀን አልሰማሁም» አለ። ሌሎቹ አሻራ ሲያደርጉ እሱ ፈረመ። ያማረች ፊርማ ናት። የማኅበሩ ቃለ ጉባኤ ላይ ዛሬም አያታለሁ።

ቢምረው፦ ለምን አልጻፍሽውም ታዲያ? የሁሉንም ስም ስታወጪ የሦስተኛውን ለምን ዘለልሽ?

አንጓች፦ ደንብ ነዋ። በሕይወት ያለ ሰው ታሪክ ሐረጉ ላይ አይወጣም። ሰው ሲሞት ነው ገጹ የሚከፈተው።

ቢምረው፦ ጽፈሽ አስቀምጠሽዋል።

አንጓች፦ አምና ነው የጨረስኩት። የጎደለው የሞቱበት ቀን ብቻ ነው።

ቢምረው፦ አንቺ ሴት! የእኔን ሞት ቁጭ ብለሽ ልትጠብቂ?

አንጓች፦ ከእርስዎ በሃያ ሁለት ዓመት አንሳለሁ። እጠብቃለሁ።

ቢምረው፦ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር እኮ! አባቴ ከኋላዬ ቆሟል። ዱላው በእጁ ነው። ማታውን ቃሉን ሲያስጠናኝ አድሯል። እምቢ ብለው የሚገድለኝ መስሎኝ ነበር።

አንጓች፦ አባትዎ በ1961 አረፉ። ከዚያ ወዲህ ከኋላዎ የቆመ የለም። ሐረጉ ላይ «ዘር ሳይተካ» ብለው ሲጽፉ ዱላ የያዘ ማን ነበር?

ቢምረው፦ የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንዴ ከተናገርኩት በኋላ ምን ብዬ ልመልሰው?

አንጓች፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የእኔስ ተረት የቱ ጋ ነው ስህተቱ?

ቢምረው፦ አልረሳሁም! ማን ረሳ አለሽ? አንቺ ወረቀት ስላገኘሽ ሁሉን ያወቅሽ መሰለሽ። መዝገቡ ላይ የሌለ፣ ዳዊቱ ላይ የሌለ ነገር አለ። እናትሽም አልነገረችሽም።

አንጓች፦ ምን?

ቢምረው፦ ወንድም ነበረሽ።

አንጓች፦ የምን ወንድም? እኔ ለእናቴ አንድ ነኝ።

ቢምረው፦ ከአንቺ በፊት ነዋ። አገር ቤት ከነበረው ባሏ። ክርክሩ ላይ እያለች ነው የወለደችው። ፍርዱ የተሰጠ ለት ባሏ «የገረድ ልጅ አላገባሁም» ብሎ ጥሏት ሄደ። ነሐሴ ላይ ከቤት አስለቀቋት። ልጁን አዝላ ወጣች።

አንጓች፦ ከዚያስ?

ቢምረው፦ ከዚያማ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ያወቁት ሁሉ ሞተዋል። ስሙንም፣ ያለበትንም።

አንጓች፦ ይንገሩኛ።

ቢምረው፦ ይኸውልሽ፣ አሁን ወደ ጨዋታው መጣን። የአባቴን ገጽ አስተካክዪ። የሦስተኛውን ምስክር ጽሑፍ እዚሁ ፊቴ ደምስሽው። እኔም እነግርሻለሁ።

አንጓች፦ የወንድሜን ስም ሊሸጡልኝ ነው?

ቢምረው፦ አንቺም የአባቴን ስም ይዘሽብኛል። እኩል ነን።

አንጓች፦ እኩል አይደለንም። ይስሙ፣ እየጻፍኩ ነው። «ወንድ ልጅ። የባንቺአምላክ ይርጋ የበኩር ልጅ። በ1952 ክረምት እናቱ ከርስቷ ስትባረር በጀርባዋ ነበር። ስሙን የሚያውቅ አንድ ሰው በሕይወት አለ፣ ግን ‹የአባቴን ስም ካላጸዳችሁልኝ አልናገርም› ብሏል።» ምንጭ፣ አቶ ቢምረው ወንድይፍራው፣ በቃል። ዛሬ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።

ቢምረው፦ በሕይወት ያለ ሰው አይጻፍም አላልሽም?

አንጓች፦ የእርስዎ ታሪክ አይደለም፣ የልጁ ነው። «ወንድም ነበረሽ» ብለውኛል፣ ሞቷል ማለት ነው። እርስዎ ምንጭ ነዎት። ምንጭ በስሙ ይጠራል። አሁን አንዲት ቁልፍ ብነካ ባሕር ዳርም ጅማም ይደርሳል።

ቢምረው፦ የልጅ ልጆቼ ያነቡታል!

አንጓች፦ ያንብቡት። የእኔ ልጆችም ስም የለሽ አጎት እንዳላቸው ያነባሉ።

ቢምረው፦ ስም ሳታገኚለት ትተይዋለሽ? የገዛ ወንድምሽን?

አንጓች፦ እተወዋለሁ። እያመመኝ እተወዋለሁ። እናቴን በስም ያስለመነ ሰው እኔን አያስለምነኝም። ልንካው?

ቢምረው፦ ቆይ።

አንጓች፦ ልንካው ወይ፣ ጋሼ?

ቢምረው፦ ቆይ አልኩሽ! ዳኛቸው። ዳኛቸው ነው ስሙ።

አንጓች፦ ዳኛቸው።

ቢምረው፦ «ሰው ባይፈርድልኝ አንተ ዳኛቸው ሁን» ብላ ነው ያወጣችለት። ሲጠራ ስንሰማ አባቴ ያማትብ ነበር።

አንጓች፦ በምን አወቁ? የት ነው የተቀበረው?

ቢምረው፦ አባቴ «ከአጥቢያው መውጣቷን እይ» ብሎ ላከኝ። ከኋላ ከኋላ ተከተልኳት። ዝናቡ ልክ አልነበረውም። የሙጋ ወንዝ ሞልቶ አላሻግር አላት። ወንዙ ዳር፣ ዋርካ ሥር ቁጭ ብላ አደረች። እኔም ከኋላዋ ጉብታው ላይ አደርኩ። አልቀረብኳትም። ጋቢ ነበረኝ፣ አልሰጠኋትም። ጠዋት ወደ እሷ ስሄድ ልጁ ደርቋል። ስድስት ወሩ ነበር።

አንጓች፦ ይቀጥሉ።

ቢምረው፦ ያለቀሰች እንዳይመስልሽ። አላለቀሰችም። ከጀርባዋ አወረደችና እጄ ላይ አኖረችው። «ምላስህ የገደለውን እጅህ ይቅበረው» አለችኝ። በእንጨት ቆፈርኩ። ድንጋይ ከመርኩበት። ስጨርስ ዞር ሳትል ውሃው ጎደል ባለበት ተሻገረች። እስከዛሬ በዚያ መንገድ አላልፍም። ሌላ አንድም ሰው አያውቅም፣ ሚስቴም አታውቅም። አሁን በቃሽ? ይቅር በይኝ።

አንጓች፦ ክርስትና ተነሥቷል?

ቢምረው፦ በአርባ ቀኑ ተነሥቷል። እኔው ነበርኩ ጧፉን የያዝኩት።

አንጓች፦ ክርስቲያን ሆኖ ወንዝ ዳር እንደ ውሻ ነው የተቀበረው። ዋርካው አለ?

ቢምረው፦ አለ። ባለፈው ዓመት መኪና ውስጥ ሆኜ ከሩቅ አይቸዋለሁ።

አንጓች፦ ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ካህን እጠራለሁ። አጽሙን አውጥተን ጉንድ ጊዮርጊስ፣ ከአያቱ ከይርጋ ጎን እናሳርፈዋለን። ዶማውን የሚይዙት እርስዎ ነዎት። ሌላ ሰው አይነካውም።

ቢምረው፦ ሰማንያ ሁለት ዓመቴ ነው እኮ፣ አንጓች።

አንጓች፦ እሱ ስድስት ወሩ ነበር።