ፊት ሲጠራ ኩላሊት ሲታመም

ናርዳ ከጊማራስ ደሴት ወደ ኢሎይሎ ከተማ በምትሻገረው ጀልባ ላይ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። የጉንጯ ቀይ ሽፍታ ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ ጎረቤቶቿ ግን ይጋባል ብለው እንደሸሿት ቀሩ። ባሏ ሞቷል፤ ልጇ ባሕር ማዶ ናት። ከሰው ጋር ቃል ሳትለዋወጥ የምትውልበት ቀን ብዙ ነው።

ያን ጠዋት ጆቪታ የምትባል ወጣት አስተማሪ አጠገቧ ተቀመጠችና የእግሯንና የዓይኗን ቆብ እብጠት አይታ ስለ ጤናዋ ጠየቀቻት። ናርዳ የሚጠይቃት ካገኘች ቆይታ ነበርና ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ ሐኪም ሉፐስ ነው እንዳላት፣ ፊቷ ሲጠራም መድኃኒቱን እንደተወች።

«ድኛለሁ፣ ልጄ። እግሬ የሚያብጠው ዓሣ ሳሰጣ ቆሜ ስለምውል ነው።»

«የዓይንዎ ቆብስ፣ እትዬ? እሱም ቆሞ ይውላል?»

ናርዳ ሳቀች። ጆቪታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሽንቷ አረፋ ይሠራ እንደሆነ ስትጠይቃት ግን ሳቋ ጠፋ። እንደ ሳሙና ውሃ አረፋ መሥራት ከጀመረ ወራት ሆኖታል። እንዲህ ያለውን ለማን ይነግሩታል?

ጆቪታ ነገሩን አስረዳቻት። ሉፐስ ማለት በሽታ የሚከላከለው የሰውነት ዘበኛ በገዛ ቤቱ ላይ ሲነሳ ነው፤ ፊትን ለቆ ኩላሊትን ሊያቆስል ይችላል። ኩላሊት ወንፊት ነው፤ ሲቆስል ለሰውነት የሚበጀው ፕሮቲን በሽንት ይፈሳል፣ መውጣት የነበረበት ውሃ ይቀራል።

«ኩላሊቴማ ቢታመም ወገቤን ባመመኝ ነበር» አለች ናርዳ።

ጆቪታ እጅጌዋን ሰበሰበች። ክንዷ ላይ ያበጠ ደም ሥር ተጋድሟል። «እኔም ሉፐስ ይዞኝ እንዲሁ ብዬ ነበር። አሁን ኩላሊቴ ሥራውን ስላቆመ በሳምንት ሦስት ቀን ደሜን በማሽን አሳጥባለሁ። እኔ ዘገየሁ፤ እርስዎ ግን በጊዜ ሊደርሱበት ይችላሉ።»

ናርዳ ከጀልባው ስትወርድ ዓሣ ወደምትሸጥበት ገበያ ሳይሆን ጆቪታ ደሟን ወደምታሳጥብበት ሐኪም ቤት ተከተለቻት። ሽንቷ ተመረመረ፤ ከኩላሊቷም ለምርመራ ቅንጣት ሥጋ ተወሰደ። ቆስሏል፣ ግን ይድናል አሏት። መድኃኒቷን እንደገና ጀመረች፤ የደም ግፊቷ ተስተካከለ፤ ስትሸጠው የኖረችውን ጨዋማ ዓሣ ራሷ መብላት ተወች።

እንግዲህ ሉፐስ ያለበት ሰው መስታወት አይቶ ድኛለሁ አይበል። ኩላሊት ሳያሳምም ይጎዳልና ሽንቱንና የደም ግፊቱን በየጊዜው ያስመርምር፤ ሐኪም ሳያዘው መድኃኒቱን አያቋርጥ። በጊዜ የተደረሰበት ኩላሊት ብዙ ጊዜ ከማሽን ይተርፋል።

በዓመቱ ናርዳ የምርመራ ውጤቷን ይዛ ጆቪታ ከማሽኑ ጋር ተያይዛ ወደተኛችበት ክፍል ገባች። ጆቪታ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«የአንዳችን ኩላሊት ተረፈ፣ እትዬ» አለች።

ናርዳ ወንበር ስባ ማሽኑ እስኪጨርስ አራት ሰዓት ሙሉ አብራት ተቀመጠች።